ስለ አንዲት የፖሊስ ቆብ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



በዛሬው በዓል ስለ ሥነ ጥበብ ጥቅም እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ሥነ ጥበብ ዓይንን ለማስደሰት ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን የተሸሸገውን መግለጥም ሥራው መሆኑን በአንዲት የፖሊስ ቆብ ታሪክ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ፈረንሳይን ይዘው ሳለ፣ በጁላይ 16 እና 17 ቀን 1942 በፓሪስና በአካባቢዋ ወደ 13,000 የሚሆኑ አይሁድ ከየቤታቸው ተያዙ። ከነዚህም ውስጥ ከ4,000 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። በር እያንኳኩ የያዟቸው የጀርመን ወታደሮች አልነበሩም፤ የፈረንሳይ ፖሊሶች ነበሩ። ስማቸውና አድራሻቸውም የተገኘው ከፓሪስ ፖሊስ መዝገብ ነው። ቤተሰቦቹ በብስክሌት መወዳደሪያ አዳራሽ ታጉረው ከሰነበቱ በኋላ ፒቲቪዬና ቦን ላ ሮላንድ ወደሚባሉት የእስረኞች ሰፈሮች ተወሰዱ። ከዚያም የሚበዙት በባቡር ተጭነው አውሽቪትዝ በተባለው ሥፍራ ተገደሉ።

ሊያዙ ታስበው የነበሩት ግን ወደ 27,000 ይጠጉ ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት ሊያመልጡ የቻሉት፣ አንዳንድ ፖሊሶች ጭምር አስቀድመው ስላስጠነቀቋቸው ነው። ስለዚህ «ታዝዤ ነው» የሚለው ቃል ሁሉን ነገር አይሸፍንም።

ጦርነቱ ካለቀ ከ10 ዓመት በኋላ አሌን ሬኔ የተባለው ፈረንሳዊ «ሌሊትና ጉም» የሚል የ32 ደቂቃ ፊልም ሠራ። ተራኪው የሚያነበውን ጽሑፍ ያዘጋጀው ዣን ካይሮል ራሱ የማውትሐውዘን እስረኛ የነበረ ሰው ነው። በፊልሙ ውስጥ ካሉት ፎቶግራፎች አንዱ በፈረንሳይ አገር የነበረ የእስረኞች ሰፈር ያሳያል፤ በዳር በኩል አንድ የፈረንሳይ ዣንዳርም ቆሞ ይጠብቃል። ማንነቱን የሚያስታውቀው ቆቡ ነው። የፊልም መርማሪዎቹ ይህ ፎቶግራፍ እንዲወጣ ጠየቁ። ከብዙ ክርክር በኋላ ቆቡ በቀለም ተሸፍኖ፣ ፊልሙ በ1956 ለሕዝብ ታየ።

እንግዲህ እናስተውል። የሬሳው ክምር ሳይሸፈን ታየ፤ ቆቡ ግን ተሸፈነ። ሬሳውን የባዕድ ሥራ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ቆቡ ግን የአገር ልጅ ቆብ ነው፤ ሰው በየቀኑ በመንገድ ላይ ሰላምታ የሚሰጠው የጎረቤት ቆብ ነው።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። በ1995 ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ የፈረንሳይ መንግሥት በዚህ ግፍ ውስጥ ኃላፊነት እንዳለበት በአደባባይ ተናገሩ። በ1997ም ፊልሙ ሲታደስ ቀለሙ ተነሥቶ ቆቡ ታየ። ፎቶግራፉ ግን ከመጀመሪያው እውነቱን ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ይህን ታሪክ ስናጠና ለዚህ የበዓል መጽሔት ፎቶግራፎች እንመርጥ ነበር። በአንደኛው ላይ ከገጠር የመጣ አዲስ ተማሪ ከጭቃ ላይ ደብተሮቹን ይለቅማል፤ እኛም በዳር ቆመን እንስቃለን። የቆምንበትን ጎን ቆርጠን ለማውጣት መቀስ አንሥተን ነበር። ጥፋታችን ከዚያ ታላቅ ግፍ ጋር ከቶ የሚወዳደር አይደለም። ይሁን እንጂ መቀሱን ያስነሣን ሐሳብና ቆቡን ያስሸፈነው ሐሳብ ዘመዳሞች መሆናቸውን ስናውቅ እጃችን ቆመ። ልጁን ይቅርታ ጠየቅን፤ ፈቃዱንም ካገኘን በኋላ ፎቶግራፉን ሳንቆርጥ አስገባነው።

ወላጆቻችን መጽሔቱን ስትገልጡ ይህን ገጽ ብታዩ አትዘኑብን። ከሚያምሩት ፎቶግራፎች መካከል ይህን አንዱን ያስቀመጥነው ነገ ቆብ የምንደፋ፣ መዝገብ የምንይዝ፣ ትእዛዝ የምንቀበል እኛ ስለ ሆንን ነው። ያን ጊዜ የቱ ጋ እንደ ቆምን ያስታውሰን ዘንድ ነው።