ከመርከብ እስከ በቅሎ ጀርባ



በባሕር የሚጓዝ ጭነት ዋናው ፈተና የሚጀምረው ከመርከብ ሲወርድ መሆኑን የመቅደላ ዘመቻ ያስረዳል። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር 13,000 ያህል ወታደሮችን፣ በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎችንና 44 ዝሆኖችን በባሕር አጓጉዞ ዙላ ላይ አራገፈ። በመጀመሪያ ግን በቅሎዎቹ ከነጂዎቻቸውና ከውሃ ዝግጅት ቀድመው ስለ ደረሱ፣ ብዙዎቹ በባሕሩ ዳር በውሃ ጥም አለቁ። መርከብ ሞልቶ ሳለ የጎደለው ቅደም ተከተል ነበር።

ጉድለቱ የታረመው ወደ ባሕር የገባ የማራገፊያ መድረክ ተሠርቶ፣ የባሕር ውሃ ለመጠጥ ተጣርቶ፣ ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በእግርና በከብት ጀርባ ተገፋ፤ ከባዱን መድፍ ዝሆኖች ተሸከሙ። መቅደላም ሚያዝያ 6 ቀን ተያዘች።

ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ደጋ ማሽን ወይም እህል ለሚልክ መሐንዲስ ትምህርቱ ቅርብ ነው። ከጂቡቲ ወደብ የተነሣ ዕቃ በጣርማ በር ዳገት ወይም በጀማ ሸለቆ ይፈተናል። የመጨረሻው መንገድና ድልድይ የሚችለውን ክብደት ሳይለኩ መርከብ መጫን፣ በቅሎን ያለ ነጂ እንደ መላክ ነው። ስለዚህ የጭነት ዕቅድ ከመድረሻው ተነሥቶ ወደ ወደቡ ሊነደፍ ይገባል።