የድሮው ዜማ በልጆቻችን አፍ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁኝ ባለሱቅ ነኝ፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም ስልክ ሁሉን ሳይጠቀልለው በፊት ከበርበሬውና ከቡናው ጎን የፊልም ሲዲ ሳከራይ ስለኖርኩ፣ ስለ ፊልም ጥቂት ብናገር አትፈርዱብኝም።

ነገሩ የመጣው ከልጆቻችን ነው። ማኅበሩ ሲመሠረት እኛ የሠራነውን ዘፈን ያለበት ድራማ ለዚህ በዓል እንደገና እንሥራው፣ ግማሹም ንግግር በሶማልኛ ይሁን አሉ። በስብሰባው ላይ «የድሮውን አትንኩብን» ብዬ ቀድሜ የተቃወምኩት እኔ ነበርኩ። ቤት ስገባ ልጄ አልተከራከረችኝም፤ በሁለት ምሽት ሁለት ፊልም አሳየችኝ። የሁለቱም ስም አንድ ነው፦ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»።

የታሪኩ ሥር ሮሚዮና ጁልየት ነው። ያንኑ ታሪክ ከበደ ሚካኤል በአማርኛ ሲያቀርቡት አባቶቻችን በደስታ አነበቡት እንጂ «ተበላሸ» አላሉም። በፊልሙ የሚጣሉት ግን የኒው ዮርክ ጎረምሶች ናቸው፤ አንደኛው ወገን ከፖርቶ ሪኮ ደሴት መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። የሙዚቃው ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 በመድረክ፣ በ1961 በፊልም ታየ፤ ፊልሙም 10 ኦስካር ወሰደ።

ያ ዝነኛ ፊልም ግን ጉድለት ነበረበት። የፖርቶ ሪኮዋን ማሪያን ሆና የተጫወተችው ናታሊ ዉድ የዚያ አገር ልጅ አልነበረችም፤ ዘፈኑንም ከመጋረጃ ጀርባ የዘፈነችላት ማርኒ ኒክሰን ናት። አኒታን የተጫወተችው ሪታ ሞሬኖ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ሆና ሳለ፣ እሷም ፊቷን በቀለም እንድታጠቁር ተደረገች። ስለ ስደት ሰው የተሠራ ፊልም ለስደት ሰው መልክና ድምፅ ቦታ አልሰጠም ነበር።

በ2021 ስቲቨን ስፒልበርግ እንደገና ሲሠራው የበርንስታይንን ዜማ ጠበቀ፤ ሰዎቹን ግን ለወጠ። የፖርቶ ሪኮዎቹን ቦታ የላቲን ዘር ላላቸው ተዋንያን ሰጠ፤ አዲሷ ማሪያ ሬቸል ዜግለርም በራሷ ድምፅ ዘፈነች። ስፓኒሽ ሲናገሩ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አልተደረገም፤ ቋንቋቸው በራሱ እንዲከበር ተብሎ ነው። ሪታ ሞሬኖንም አልረሳትም። አዲስ ቦታ ተጽፎላት ተጫወተች፤ ፊልሙ በወጣበት ሰሞን 90 ዓመት ሞላት። እሷ አኒታን ሆና ያገኘችውን ኦስካር፣ ከ60 ዓመት በኋላ አሪያና ዴቦዝ በዚያው ቦታ አገኘችው።

እንደ ነጋዴ ሒሳቡንም ልንገራችሁ። 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ሲኒማ ቤቶች ያስገቡት 76 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጊዜው የኮሮና ጊዜ ነበር። መልካም ሥራ ሁሉ አያተርፍም፤ ግን ሥራው አልከሰረም እላለሁ።

አሁን ወደ ሱቄ ልመልሳችሁ። የኛው ልጅ መጥቶ «ዋ ኢምሳ?» ብሎ በሶማልኛ ዋጋ ይጠይቀኛል። እናቱ «በአማርኛ ጠይቅ» ስትለው ዝም ይላል። አማርኛ ጠፍቶበት አይደለም፤ ሲናገር ስለምንስቅበት ነው። እኔም ስቄያለሁ። ቋንቋውን ከልጆቻችን አፍ የምናስወጣው በገዛ ሳቃችን መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ምሽት ነው።

«ታዲያ የድሮው ይጥፋ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይጥፋ። በ1988 ይህች ከተማ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ የሐርጌሳ ሬዲዮን ካሴቶች ከመሬት በታች ቀብረው ያተረፉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም የከተማው ወጣት ከነዚያ ዘፈኖች ይማራል። የ1961ዱም ፊልም እንዳለ አለ። የኛንም የድሮ ካሴት እናስቀምጥ። ግን የተቀመጠ ዜማ የሚዘፍነው ካላገኘ ዕቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከልጆቻችን ጋር ተስማምተናል። ዜማው አይነካም። የሠፈሩ ወሬ በሶማልኛ፣ የቤቱ ወሬ በአማርኛ ይሆናል፤ ኑሯቸውም ይኸው ነው። ያን ጊዜ ሙሽራይቱን ሆና የተጫወተችው እህታችንም ዛሬ እናትየዋን ሆና ትወጣለች።

ወላጆች ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ዛሬ ማታ የአንዱ ልጅ «ጸ» እና «ጨ» ቢምታታበት አትሳቁበት፤ አጨብጭቡለት። ነገ ሱቄ ሲመጣ ዋጋውን በአማርኛ ይጠይቀኝ ይሆናል።

ፈጣሪ ማኅበራችንን፣ አገራችንን፣ ተቀብሎ ያኖረንንም ሕዝብ ይባርክ።