የሳተላይት አቅጣጫ መሪ በአነስተኛ አውሮፕላን፤ አመራረጡና አጠቃቀሙ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ አብራሪ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አክሱም ለመብረር የጂፒኤስ መሣሪያውን ቁልፍ ቢጫን፣ በስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሣልለታል። መስመሩ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የሰሜን ተራሮችን ያቋርጣል፤ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ የሚገኘው ራስ ዳሸንም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ተርቦቻርጀር የሌለው የአነስተኛ አውሮፕላን ሞተር ደግሞ በእንዲህ ያለ ከፍታ ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል። እንግዲህ መሣሪያው አጭሩን መንገድ እንጂ ደኅናውን መንገድ አላሳየም። ደኅናውን መምረጥ የአብራሪው ፈንታ ነው።

ስለ ምርጫው ለመናገር አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል። ሳተላይቶቹ በ20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ እየዞሩ የጊዜ ምልክት ይልካሉ፤ ተቀባዩም ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ያለበትን ስፍራ ያሰላል። ኬክሮስን፣ ኬንትሮስንና ከፍታን ለማግኘት 4 ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። ከእነርሱ አንዱ የተሳሳተ ምልክት ቢልክ ስሕተት መኖሩን ለማወቅ 5ኛ፣ አጥፊውን ለይቶ ለመተው ደግሞ 6ኛ ያሻል። በደመና ውስጥ ለሚደረግ የመሣሪያ በረራ የተፈቀዱ ተቀባዮች ይህን የማጣራት ዘዴ ይዘዋል፤ በእጅ የሚያዙት ግን በአብዛኛው የላቸውም። ስለዚህ ገዢው ከስክሪኑ ስፋት አስቀድሞ «ሲሳሳት ይናገራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በእጅ የሚያዘው በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ የአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ጥሩ መጠባበቂያ ነው፤ ዋና መሪ ግን አይሆንም።

ሻጮች ዋስ ስለሚባለው የማረሚያ አገልግሎት ብዙ ይናገራሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረ አገልግሎት የተዘረጋው ለሰሜን አሜሪካ ነው፤ ኤግኖስ የተባለውም ለአውሮፓ ነው። በኢትዮጵያ ሰማይ የሚበር ሰው በእነዚህ ተማምኖ ዋጋ መጨመር አይገባውም።

በአጠቃቀም ረገድ የሚከተሉት እጅግ አስፈላጊ ናቸው። የአገራችን የቀድሞ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጂፒኤስ የሚከተለው ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ነው። አብራሪው ከቀድሞ ካርታ ያነበበውን የገጠር ማረፊያ ሳያስተካክል ቢያስገባ ከመቶ ሜትር በላይ ሊስት ይችላል፤ ጉም ባለበት ሸለቆ ይህ ርቀት ሕይወት ያስከፍላል። የመሣሪያው የበረራ መረጃም በየ28 ቀኑ የሚታደስ በመሆኑ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ከፍታን በተመለከተ የሚታመነው በትክክል የተስተካከለው የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያ ነው፤ አውሮፕላኖች በከፍታ የሚለያዩት በእርሱ ስለሆነ ነው።

ከሁሉም በላይ ቁልፎቹን መማር የሚገባው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነው። በአየር ላይ ቁልፍ የሚፈልግ ዓይን ተራራውን አያይም። የሳተላይቱ ምልክት ደካማ በመሆኑ በቀላሉ ሊታወክ ስለሚችል፣ ካርታ፣ ኮምፓስና ሰዓት ዛሬም ከአብራሪው ጉልበት ላይ ሊለዩ አይገባም። በየጥቂት ደቂቃው ስክሪኑን ከካርታው፣ ካርታውን ከምድሩ የሚያመሳክር አብራሪ፣ መሣሪያው በድንገት ቢጠፋበት እንኳ ያለበትን ያውቃል።