አንደኛ ከስንት?

እሱ፦ ከወገል ጤና አንድ አባት ደውለውልን ነበር። «ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ነች፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትገባልኛለች ወይ?» አሉ።

እሷ፦ አንደኛ ከስንት?

እሱ፦ ጀመረች! ልጅቷ ገና ሳትፈተን?

እሷ፦ አትቆጣ። በ2014 ዓ.ም. ማትሪክ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከወደቁት ውስጥ ስንት አንደኛ ነበር!

እሱ፦ በ2017 እኮ 8.4 ደርሷል።

እሷ፦ ደርሷል፣ እሰየው። ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። ማትሪኩን ማለፍ ብቻውን አይበቃም።

እሱ፦ ታዲያ ምን እንበላቸው? አይሆንም?

እሷ፦ ኧረ እንዲያ አላልኩም! የወገል ጤና ሰው የኦፓል ድንጋይ ያውቃል አይደል? ገዢው ድንጋዩን ብርሃን ላይ ሳያገላብጥ ዋጋ ይጠራል?

እሱ፦ አይጠራም።

እሷ፦ ደረጃዋን ይተዉትና የሞዴል ፈተና ወረቀቷን ይዩ። ሒሳብ ስንት፣ እንግሊዝኛ ስንት።

እሱ፦ ኮምፒውተሩንም አትርሺ። ከ2016 ጀምሮ ማትሪኩን በኦንላይን የሚፈተኑ አሉ። አንዱ ልጅ ማውዙን ጨብጦ ቀስቱን ስክሪኑ ላይ ሲያሳድድ አይቻለሁ፤ መልሱን እያወቀው ላቡ ጠብ ይላል።

እሷ፦ እሱስ እውነት ነው። ጎበዝነቱ የት ሄዶ!

እሱ፦ ግማሹን ካላመጣችስ?

እሷ፦ ነጥቧ ከደረሰ ሬሜዲያል፣ የማካካሻ ትምህርቱ፣ አለ። ደግሞ ወልድያም ወሎም ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አዲስ አበባ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ማለት ምንድን ነው?

እሱ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ልጅቷ ከተመኘች ትሞክር።

እሷ፦ ትሞክር! አባትዬው ግን የሞዴሉን ውጤት ይዘው ይደውሉልን።