ሙቀቱና የሸመገሉ ወላጆቻችን ማዕድ

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጋሞ ቆላ እንወርዳለን። የምንነጋገረውም ዕድሜያቸው የገፋ አባቶቻችንና እናቶቻችን በሙቀት ወራት ምን ይብሉ፣ ምንስ ይጠጡ በሚለው ላይ ነው።

በአርባ ምንጭ ሙቀቱ የሚበረታው በየካቲትና በመጋቢት፣ የሚያዝያው ዝናብ ከመድረሱ በፊት ነው። ከላይ ጨንቻ ላይ ጋቢ ተደርቦ በሚዋልበት ቀን ታች ሲቀላ ሰው ጥላ ይሻል። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከደጋ የሚወርዱ እናቶችም የደጋውን አመጋገብና አለባበስ እንደያዙ ይወርዳሉ። የሚጎዳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የምግብ ማጣት ሳይሆን የውሃ ማነስ ነው።

ሰው ሲሸመግል የጥማት ስሜቱ ይደክማል፤ ኩላሊቱም ውሃን ቆጥቦ የማቆየት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ «እማማ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» ስንላቸው «አልጠማኝም ልጄ» ቢሉን እውነታቸውን ነው። ሰውነታቸው ግን ውሃ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ከመጠየቅ ይልቅ ቀድቶ በእጃቸው መስጠት ይሻላል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ሐኪም መጠን ካልወሰነላቸው በቀር በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ፈሳሽ ቢያገኙ መልካም ነው። ሾርባው፣ አጥሚቱና ሻዩም ይቆጠራል።

ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ምክንያትም አለ። ብዙ አረጋውያን ሆን ብለው ውሃ አይጠጡም። መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ነው፣ ሌሊቱ ጨለማ ነው፣ ጉልበታቸውም ይከዳቸዋል፤ ልጆቻቸውን መቀስቀስም ያፍራሉ። እንዲህ ያለውን ሰው «ጠጡ» ብሎ መጨቅጨቅ አይጠቅመውም። ውሃውን ከጧት እስከ ዐስር ሶላት ባለው ጊዜ ማብዛት፣ ከዒሻ በኋላ መቀነስ፣ ባትሪ ከራስጌያቸው ማኖር፣ ከተቻለም ፖፖ ማዘጋጀት ነው መፍትሔው። ይህ የምግብ ጉዳይ አይመስልም፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ይኸው ነው።

ወደ ምግቡ እንለፍ። የአርባ ምንጭ ምድር በዚህ በኩል አልነፈገችንም። ፓፓያ ጥርስ ለሌለው ሰው የሚመች፣ ለሆድ ድርቀትም የሚረዳ ነው። ሙዝና ማንጎም እንዲሁ ለማኘክ አያስቸግሩም። ይሁንና ስኳር ያለባቸው ወላጆች ማንጎን በመጠኑ ይብሉ። በየጁስ ቤቱ ስኳር ተጨምሮበት የሚጠጣውን ግን ቢተዉት ይሻላል። ሙዝ ደግሞ ፖታሲየም ስላለው የኩላሊት ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር አያብዛው።

ሽፈራው፣ በአካባቢው አጠራር ሀለኮ፣ በየጓሮው አለ። ቅጠሉ ካልሲየም፣ ብረትና ፕሮቲን አለው። ምሬቱን ለመቀነስ ሲባል የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አብሮ የሚደፋ ቫይታሚን አለ። በጥቂት ውሃ፣ ለአጭር ጊዜ ቀቅሎ ከለሰለሰ ኩርኩፋ ጋር ማቅረብ ይቻላል። ስለ ሀለኮ «ሁሉን በሽታ ያድናል» የሚባለውን ግን እኛ አንቀበልም። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቅጠሉ ተማምኖ መድኃኒቱን አይተው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ቅጠሉን ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከጫሞ የሚወጣው ቆሮሶና ነጭ ዓሣ በዕድሜ የሚሟሽሸውን ጡንቻ የሚጠብቅ ፕሮቲን አለው። ለእንግዳ የሚቀርበው የተጠበሰው ነው፤ ለአረጋውያን ግን እሾኹ በሚገባ የወጣለት የዓሣ ሾርባ ይመረጣል፣ ፈሳሽም ይሆናቸዋልና። በዚያ ሙቀት ዓሣ ፈጥኖ ስለሚበላሽ ጧት የተገዛው ያን ዕለት ተሠርቶ ይበላ።

የቡና ቅጠል መጠጡ ሃይታ ቱኬም አለ። ፈሳሽ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ጨው ስለሚገባበት ግን ግፊት ላለባቸው ወላጆች ጨው ከመጨመሩ በፊት ለብቻ ይቀዳላቸው።

አድማጮቻችን፣ ረመዷን በ2017 ዓ.ም. የገባው የካቲት 22፣ በዚያው የሙቀት ወር ነበር። ወሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ቢቀድምም ለተወሰኑ ዓመታት ከበጋው አይወጣም። ጾም የሚችል አረጋዊ በኢፍጧር በቴምርና በውሃ ጀምሮ፣ ሾርባውን አስከትሎ፣ እስከሚተኛ ድረስ ውሃውን ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። ሱሑርን አይዝለል፤ ያን ጊዜም ጨው የበዛበትን ይራቅ። መጾም የማይችለው አረጋዊ ግን ሸሪዓችን አላስጨነቀውም። በአል-በቀራ ምዕራፍ ለታመመና ለመንገደኛ የተሰጠው ማግራራት የታወቀ ነው፤ በዕድሜ ምክንያት ጾም ለማይቻለው ደግሞ ዑለማዎቻችን ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ማብላትን፣ ፊድያን፣ ያስተምራሉ። አንዳንድ አባቶች ይህን እያወቁ «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ይጾማሉ። ልጆች በዚህ ላይ ከሐኪምና ከኢማማቸው ጋር ሆነው በአክብሮት ሊያነጋግሯቸው ይገባል።

ሽንታቸው ከጠቆረ፣ ሲነሡ ካዞራቸው፣ አፋቸው ከደረቀ ውሃ አንሷቸዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ወይም የሚያውቁትን ሰው ከሳቱ ግን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ወደ ጥላ አስገብታችሁ፣ ግንባራቸውንና አንገታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዛችሁ፣ ያኑ ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው። ራሳቸውን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይጨመርም።