ዩሪያና የጓሮ ውሃ በወለጋ ከተሞች



ማንኛውም እንስሳ ከተመገበው ፕሮቲን ናይትሮጅን ያለበት ትራፊ ይቀርለታል። ይህ ትራፊ በመጀመሪያ አሞኒያ ነው፤ አሞኒያም በብዙ ውሃ ካልተበረዘ መርዝ ነው። የዴዴሳ ወንዝ ዓሣ በውሃ የተከበበ በመሆኑ አሞኒያውን በሚተነፍስበት አካል በኩል በቀጥታ ይለቀዋል።

በነቀምቴ ግቢዎች የምትጭረው ዶሮ ግን ጫጩቷ በቅርፊት ታሽጎ የሚያድግ ነው። ስለዚህ ትራፊው በውሃ እምብዛም የማይሟሟ ዩሪክ አሲድ ይሆናል፤ በኩሷ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ይኸው ነው።

ሰውና ከብት በመካከል ይገኛሉ። ጉበት አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፤ ኩላሊትም በመጠነኛ ውሃ ያስወጣዋል። ከወለጋ ርቆ በበረሃ የሚኖረው ግመል ደግሞ ከዩሪያው ከፊሉን ወደ ሆዱ መልሶ፣ መኖውን ለሚያብላሉለት ረቂቅ ተሕዋስያን ምግብ ያደርገዋል።

ከዚህ እንደምንረዳው የትራፊው አወጋገድ በሚገኘው ውሃ መጠን ይወሰናል። ይህ ለከተማም ይሠራል። ገበሬው ለበቆሎው የሚጨምረው ዩሪያ ከሽንቱ ዩሪያ በጠባዩ አይለይም። አንድ ጎልማሳ በቀን 20 ግራም ያስወጣል ተብሎ ቢሰላ፣ ሰባት ጎልማሶች በዓመት 51 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ጆንያ ያህል፣ በመጸዳጃ ጉድጓዳቸው ይቀብራሉ።

የተቀበረው ግን እዚያው አይቀርም። ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ወደ አሞኒያ፣ አየር ባለበት አፈርም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ከአፈር ጋር እምብዛም ስለማይጣበቅ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ በሚወርደው ብርቱ የክረምት ዝናብ እየታጠበ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይዘልቃል። ቧንቧው ሲቋረጥ የሚታመንበት የጓሮ ጉድጓድ ከመጸዳጃው በታች ከሆነ፣ ባልዲው የሚያወጣው ይህንኑ ነው።

ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም። ውሃውን ማፍላት ጀርሞችን ቢገድልም ናይትሬትን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ያጠነክረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ያለፈ ውሃ ለጡጦ ወተት ቢበጠበጥ፣ የጨቅላው ደም ኦክሲጅን የመሸከም ኃይሉ ሊቀንስ፣ ሕይወቱም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል።

እንግዲህ መሐንዲሱ የግቢ ፕላን ሲያወጣ አስቀድሞ ተዳፋቱን ይመልከት፤ የውሃ ጉድጓዱን ከመጸዳጃው በላይና አርቆ ያስቆፍር፤ የመጸዳጃው ወለል የክረምቱን የከርሰ ምድር ውሃ እንዳይነካ ያድርግ፤ ዝናቡ ሲያበቃም ውሃውን በላቦራቶሪ ያስመርምር። ቦታ ባለበት ሽንትን ለይቶ አጠራቅሞ ለበቆሎ ማሳ ማዋልም ይቻላል። እንዲህ ከተደረገ፣ በየዓመቱ የሚቀበረው ጆንያ ከሕፃኑ ጡጦ ይልቅ ወደ ማሳው ይሄዳል።