ልጁ ከትምህርት ገበታ አይቅር
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ጆሮው በደንብ የማይሰማ የሰፈራችን ልጅ አራተኛ ክፍልን ደገመ። «ሰነፍ ነው» ተባለ። ሰነፍስ አይደለም፤ ከኋላ ስለሚቀመጥ የመምህሩ ድምፅ አይደርሰውም። እናቱ ብቻዋን ተመላልሳ መልስ ብታጣ፣ አሁን «ላስቀረው ነው» እያለች ነው።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 24፣ በመደበኛው ትምህርት ውስጥ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ያዛል። ስለዚህ የምንጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን መብት ነው፦ ልጁ ከፊት ይቀመጥ፤ መምህሩ ፊታቸውን ወደ ተማሪው አዙረው ይናገሩ፤ የቤት ሥራው በጽሑፍ ይሰጠው።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መርጠን፣ ጥያቄውን በደብዳቤ አድርገን፣ ከእናቱ ጋር እንሂድ። ቅጂው በእድሩ መዝገብ ይቀመጥ። ከቀብር የማንቀር ሰዎች ከልጅም ጉዳይ አንቅር።